ስለ ጎል ትዝታ

ሰው የሚወደውን ነገር ደጋግሞ ማውራት ልማዱ ነው። ገበሬ ስለ በሬው፥ አዳኝ ስለ ጣለው አውሬ፥ ወታደር ስለ ዋለበት ጦር ሜዳ ሲያወራ እንደሚያመሽ፥ የእግር ኳስ ወዳጅም ቡድኑ ስላገባቸው ጎሎች ሲያወራ ያመሻል። ከጎሎቹም መካከል ይበልጥ የሚጣፍጠው የተለመደው አይደለም፤ እንግዳው ነው እንጂ። በረኛ ሮጦ መጥቶ ያገባው፥ ነፋስ የወሰደው፥ የተከላካይ ጀርባ ነክቶ የገባው፥ ዳኛው አጥርቶ ሳያይ ያጸደቀው፥ ይህ ሁሉ ሃያና ሠላሳ ዓመት አልፎት እንኳ እንደ ትናንት ነገር ይወራል።

በቅርቡ በአዲስ አበባ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፥ የእንግሊዝ አገር ጨዋታ በቴሌቪዥን አይተው የጨረሱ ጥቂት ወጣቶች ይህን የመሰለ ወግ ሲያወጉ አዳመጥሁ። የአርሰናል ደጋፊዎች ነበሩ። አነጋገራቸው ያማረ ነበረ፤ እነርሱ ሳይወለዱ የገቡትን ጎሎች ሳይቀር ደቂቃቸውን እየጠቀሱ ይናገሩ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ቡድናቸው በዕድል ያገባው ሁሉ «ብልኀት» ሲባል፥ ተቃራኒው በዕድል ያገባባቸው ሁሉ «ሌብነት» ተባለ። እንግዲህ ሰው መጽሐፍንና ቴአትርን የሚተች ከሆነ፥ ይህም በብዙ ሰው አፍ የሚመላለስ ድርሰት ነውና፥ እኔም ልተቸው ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አስቀድሜ ምስጋናውን ልናገር። የጎል ትዝታ አባትንና ልጅን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል፤ ሀብታሙንና ድኻውን እኩል ያስቃል፤ ወጣቱንም ነገርን በቅደም ተከተል መተረክ ያስተምረዋል። ይህን ሁሉ እያመሰገንሁ፥ ወጉን የምመዝንበት ሚዛን ግን አንድ ነው። ይኸውም፥ ያ ጎል የገባበት በረኛ አጠገባችን ተቀምጦ ቢሰማን «አዎን፥ እውነት ነው» ይለናልን? የሚል ነው። ነገሩ እንዲገለጥላችሁ ምሳሌ ላምጣ። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ በስኮትላንድ ድንበር አጠገብ፥ ካርላይል ዩናይትድ የሚባል ክለብ አለ። በሜይ 8 ቀን 1999 በሜዳው በብራንተን ፓርክ ከፕሊማውዝ ጋር ገጠመ። ካላሸነፈ ከሊጉ ተሰናብቶ ይወርድ ነበር። መደበኛው ጊዜ 1 ለ 1 ሆኖ አለቀ፤ ከጭማሪውም አራተኛው ደቂቃ ገባ። ካርላይል የማዕዘን ምት ባገኘ ጊዜ በረኛው ጂሚ ግላስ በሩን ጥሎ ወደ ተቃራኒው በር ሮጠ። ይህ ሰው በውሰት የመጣ፥ ለካርላይልም በጠቅላላው 3 ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ነበረ። በጭንቅላት የተመታችውን ኳስ የፕሊማውዝ በረኛ ቢመልሳት፥ ግላስ ደረሰባትና በእግሩ መትቶ አገባት። ካርላይል 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሕዝቡም ወደ ሜዳ ጐረፈ። የካርላይል ሰዎች ይህን እስከ ዛሬ ቢተርኩ ማን ይፈርድባቸዋል? ጎሉ ንጹሕ ነው፤ ማንም አልተበደለበትም።

ሆኖም ታሪኩ ሁለተኛ ገጽ አለው። በዚያችው ሰዓት በሌላ ከተማ ስካርቦሮ የሚባለው ክለብ ጨዋታውን 1 ለ 1 ጨርሶ፥ ደጋፊዎቹም «ዳንን» ብለው በሜዳቸው ላይ ደስታቸውን ሲገልጡ ነበሩ። ጥቂት ቈይቶ ወሬው ደረሰ። የወረደው ስካርቦሮ ሆነ። በ1879 የተመሠረተው ያ ክለብ ዳግመኛ ወደ ሊጉ ሳይመለስ፥ ከዕዳው ብዛት የተነሣ በ2007 ፈረሰ። ለፍርስራሹ ምክንያቱ ያ ጎል ብቻ ነው አልልም፤ ካርላይልም ራሱ በ2004 ከዚያው ሊግ ወርዷል። የምለው፥ የግላስን ጎል የሚተርክ ሰው ስካርቦሮን ቢያነሣ ደስታው አይቀንስበትም፤ እንዲያውም ያች ምት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረች ሰሚው የሚረዳው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚያስቅ ነው። በኦክቶበር 17 ቀን 2009 ሰንደርላንድ ከሊቨርፑል ጋር ሲጫወት፥ በ5ኛው ደቂቃ ዳረን ቤንት ወደ በሩ መታ። በበሩም ፊት ልጆች በባሕር ዳር የሚጫወቱባት በአየር የተነፋች ቀይ ኳስ ነበረች፤ የመጣችውም ከሊቨርፑል ደጋፊዎች ወገን ነበር። እውነተኛዋ ኳስ ይህችን መትታ አቅጣጫዋን ለወጠችና በረኛውን ፔፔ ሬይናን አልፋ ገባች። ጨዋታው በዚያች ጎል 1 ለ 0 አለቀ። ሕጉ ግን ከውጭ የመጣ ነገር ኳሷን ሲያውክ ጨዋታው ይቁም ነበር የሚለው፤ ዳኛው ተሳስተዋል። የሰንደርላንድ ደጋፊ በዚህ ቢስቅ ነውር የለበትም፤ ተጫዋቾቹ ያታለሉት ሰው የለምና። ግን እየሳቀ «ሕጉስ ለእኛ አልነበረም» ቢል፥ የሊቨርፑሉም ሰው አብሮት ይስቃል። «በሚገባ ያገባነው ነው» ብሎ ከተከራከረ ግን ሳቁ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጠብ ነው።

እስካሁን የሰው ታሪክ ተቸሁ። አሁን የራሴን ልተች።

በወጣትነቴ ለሰፈራችን ቡድን እጫወት ነበር። መረባችን ከቃጫ ገመድ የተሠራ ሆኖ በጎኑ በኩል ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ከጎረቤት ሰፈር ጋር በተጋጠምንበት ቀን የመታኋት ኳስ ከቋሚው ውጭ አልፋ በዚያ ቀዳዳ ገባች። ዳኛው ራቅ ብለው ነበርና፥ ኳሷን በመረቡ ውስጥ ባዩ ጊዜ ፊሽካቸውን ነፉ። በረኛው ግን «በቀዳዳ ነው የገባችው!» ብሎ ጮኸ። ዳኛውም እኔን ጠርተው «አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔም ያየሁትን እያወቅሁ «በቋሚዎቹ መካከል ነው» አልሁ፤ ማልሁም። በዚያች ጎል አሸነፍን።

ከዚያ በኋላ ይህን ጎል ያላወራሁበት ግብዣ የለም። የመታሁበትም ርቀት በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ፤ አሥራ አምስት እርምጃ የነበረው ኋላ አርባ ደረሰ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደ ተባለው፥ ያየ ሰው በሌለበት ሁሉ ጀግና ሆንሁ።

አንድ ቀን በሠርግ ላይ እንደ ልማዴ ሳወራ፥ ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠ አንድ ሽበታም ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቈየ። ከግብዣው ስንወጣ እጄን ያዝ አደረገና፥

«ወንድሜ፥ ያ በረኛ እኔ ነኝ» አለኝ።

የምለው ጠፋኝ። እርሱም ቀጠለ፦

«አይዞህ፥ ልጣላህ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጓደኞቼ ‹ኳስ አሳልፈህ ስታበቃ በቀዳዳ ገባች ትላለህ› እያሉ ውሸታም አደረጉኝ። ሁለተኛም በር ላይ አላቆሙኝም። አንተ ስታወራው ደስ ይላል፤ እኔ ግን ኳስ ተጫውቼ እንደማውቅ ለልጆቼ እንኳ አልነገርኋቸውም።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «ይቅርታውስ ይሁን፤ ግን ለእኔ ብቻ አትንገረኝ፥ ለሰሙህ ንገራቸው» አለኝ። እነሆ፥ የሰሙኝን ሁሉ ፈልጌ ማግኘት ስላልቻልሁ እዚህ ጻፍሁት። ያች ጎል በቀዳዳ ነው የገባችው። በረኛው እውነተኛ ነበረ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ወጣቶች አንባብያን ሆይ፥ እኔን የሚያሳፍረኝ ጎሏ ብቻ አይደለችም። በሜዳ ላይ ሰው በአንዲት ቅጽበት፥ ደሙ እንደ ሞቀ፥ ሊሳሳት ይችላል። ያ አንድ በደል ነው። በየዓመቱ እያሳመርሁ ሳወራው ግን፥ ተረጋግቼ፥ እየሳቅሁ፥ ያንን ሰው ደጋግሜ በደልሁት።

ወደ ሻይ ቤቱ ወጣቶች ልመለስ። ከተረኳቸው ጎሎች አንዲቱ ጐድላ ነበርና ፈቃድ ጠይቄ እኔ ተረክሁላቸው። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1999 አርሰናል በኤፍ ኤ ካፕ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ሆኖ ሳለ፥ አንድ የሼፊልድ ተጫዋች ተጐድቶ ወደቀ፤ በረኛቸውም እንዲታከም ብሎ ኳሷን ወደ ውጭ መታ። የአርሰናሉ ሬይ ፓርለር እንደ ጨዋ ልማድ ኳሷን ለሼፊልድ ሊመልስ ወረወረ። ናይጄሪያዊው ካኑ ግን፥ ለአርሰናል የመጀመሪያ ጨዋታው ነበርና፥ ኳሷን ወስዶ አሻገራት፤ ኦፈርማርስም አገባት። ይህን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ጎሉ ጸደቀ፤ ጨዋታውም 2 ለ 1 አለቀ። አሠልጣኙ አርሰን ቬንገር ግን ጨዋታው እንዳለቀ «እንደገና እንጫወት» ሲሉ ራሳቸው አሳሰቡ። የመጀመሪያው ውጤት ተሰረዘ። በ10ኛው ቀን እንደገና ተጫወቱ፤ አርሰናልም አሁንም 2 ለ 1 አሸነፈ።

ከወጣቶቹ አንዱ «ጋሼ፥ ሁለተኛውን ጨዋታ ተሸንፈው ቢሆንስ ኖሮ?» አለኝ።

«ያን ጊዜም ይህን ታሪክ አንገትህን ሳትደፋ ልታወራው ትችል ነበር» አልሁት።

ጥቂት አሰበና «የሼፊልድም ሰው ቢሰማኝ?» አለ።

«እርሱም ቢሰማህ» አልሁት።

እንግዲህ ትዝታችሁን አውሩ፤ ሳቁበትም። ዕድል የረዳችሁን ዕድል ነው በሉ፤ የተሸነፈውንም ስሙን ጥሩ፤ ርቀቱንም ከነበረበት አታስረዝሙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እስኪነጋ ግን አንድ ሰው በጨለማ ሽበት አበቀለ።