ስለ ሐስል ዳንስና ስለ ፒያሳ ዳንስ ቤቶች አጭር ሒስ

ስለ ቀድሞው የአራዳ ሌሊት ሲወራ ከሽማግሌዎች አንድ ነቀፋ ይሰማል፤ ይኸውም ወንድና ሴት ተቃቅፈው መደነሳቸው ከፈረንጅ የተቀዳና እስክስታን ያጠፋ ነው የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ ያንኑ ዘመን ወርቃማ ብለው ያመሰግኑታል። እኛ ግን ሁለቱም ዳንሱን ራሱን ሳይመረምሩ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው እንላለን። ዳንስ እንደ ኀጢአት በሚቈጠርበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን፥ በዚህ ነገር ላይ ስንፈርድ አብልጠን መጠንቀቅ ይገባናል።

ለማነጻጸር ያህል «ሐስል» የተባለውን የዲስኮ ዘመን ዳንስ እንውሰድ። ይህ ዳንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከተማ፥ በተለይም በደቡብ ብሮንክስ በፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ወጣቶች መካከል ተነሣ፤ ከማምቦና ከስዊንግም ብዙ ወርሷል። በ1975 የቫን ማኮይ ዘፈን ስሙን በዓለም አሰማው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱ ይመራል፥ ሌላው ተከትሎ ይሽከረከራል። ዘፈኑ በአራት በአራት ምት ሲሄድ እግር ግን በሦስት በሦስት ይቈጥራል፤ ስለዚህ ሁለቱ እንደ ገና አብረው የሚጀምሩት ዐሥራ ሁለት ምት ካለፈ በኋላ ነው። ውበቱም ከዚህ መለያየትና መገናኘት የሚመጣ ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሦስት ከሆነማ የእኛው ችክችካ ነው» ብለውናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በችክችካ ሦስትነቱ ያለው በከበሮው ውስጥ ነው፥ ገላም ለከበሮው ይታዘዛል፤ በሐስል ግን ሦስቱን የሚያመጣው ደናሹ ነው። ደግሞም በእስክስታ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ እንጂ አይያያዙም፤ ትከሻ ይጠይቃል፥ ትከሻ ይመልሳል። እጅ ይዞ የሚመራ የለም።

ታዲያ በፒያሳ የሆነው ምንድን ነው? የነሐስ መሣሪያው ከውጭ የመጣ መሆኑ አይካድም። በ1924፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በ1927 ዓ. ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፥ ኋላም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፥ በ1969 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሸክላ ማሳተም የጀመረው አምሐ እሸቴም፥ ያንን መሣሪያ በአምባሰልና በትዝታ ቅኝት አናገሩት። ውጤቱን ዛሬም በየሰርጉ እናየዋለን፤ ለስላሳው ዘፈን ሲመታ ሙሽሮቹ ይተቃቀፋሉ፥ ችክችካው ሲገባ እጅ ይለቀቃል፥ ትከሻ ይነሣል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አላጠፋም፤ ሌሊቱን ተካፈሉት እንጂ። የሽማግሌዎቹ ነቀፋ በዚህ ይወድቃል።

ምስጋናውም ቢሆን ያለ ጕድለት አይደለም። በደጃች ውቤ ስም የተጠራው ውቤ በረሃ በጨዋታው ሲወደስ፥ የምትደንሰው ሴት ብዙ ጊዜ የቡና ቤት ሠራተኛ እንደ ነበረች ይዘነጋል። ወንዱ መርጦ ገብቶ፥ ከፍሎ ይደንሳል፤ እርሷ ግን ብትደክምም «አልደንስም» ለማለት ነፃነቷ ጠባብ ነበር። መሪና ተከታይ ያለበትን ዳንስ ስንመዝን ተከታዩ እምቢ ማለት ይችል እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። በእኛ አስተያየት በዳንሱ ላይ ሊቀርብ የሚገባው እውነተኛ ነቀፋ ፈረንጅነቱ ሳይሆን ይህ ነው።

ነገሩ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ሰዓት እላፊ ደናሹን ወይ በጊዜ ወደ ቤቱ ሰደደው፥ ወይም በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እንዲቈይ አደረገው። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። የእግር አጣጣል እንደ ሸክላ አይታተምም፤ የሚኖረው በደናሹ ጕልበት ውስጥ ብቻ ነው፥ ያም ጕልበት አርጅቷል። እንግዲህ የታሪክና የሙዚቃ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ደብተራችንን ይዘን ወደ እነዚያ ሰዎች እንሂድ፤ እርምጃውን እንቍጠር፥ አያያዙንም እንጻፍ። ስንሄድም አስቀድመን የምንጠይቀው ሴቶቹን ይሁን።