ስለ ሂሣብ መርማሪ መርማሪ አመራረጥ

አንድ የኦዲት ድርጅት ሥራውን በሙያ ባልንጀራው፣ ማለት በሌላ የኦዲት ድርጅት ማስመርመሩ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው፣ ተመርማሪው መርማሪውን ራሱ መርጦ ዋጋውንም ራሱ ከፍሎ የሚያመጣበትን ልማድ ነው።

ልማዱ በሰፊው የሚሠራበት በአሜሪካ ነው። በዚያ የሙያ ማኅበሩ አባል የሆኑ ድርጅቶች በየሦስት ዓመቱ ይመረመራሉ፤ መርማሪውን የሚመርጠው ግን ተመርማሪው ነው። ሁለት ድርጅቶች ተለዋውጠው እንዳይመራመሩ መከልከሉ መልካም ቢሆንም በቂ አልሆነም። ኤንሮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ከሠረ። በወሩ የኩባንያው ኦዲተር አርተር አንደርሰን፣ ዴሎይት የተባለው አቻው መርምሮ የነቀፋ ቃል የሌለበት ሪፖርት እንደ ሰጠው አስታወቀ። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው በ2002 በአክሲዮን ገበያ ያሉትን ኩባንያዎች ኦዲተሮች የሚቆጣጠር ቦርድ እንዲቋቋም ሕግ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ ይብሳል። በቂርቆስ ወይም በካዛንቺስ ቢሮ የከፈተ ኦዲተር መርማሪ ፈልግ ቢባል፣ ዓይኑ የሚያርፈው አብሮት በተማረ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮት በሠራ ወይም ደንበኛ በሚሻማው ሰው ላይ ነው። ወዳጁ ይራራለታል፤ ተሻሚው የደንበኞቹን ምሥጢር አይቶበት ይሄዳል። «ባልንጀራ» የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ መዋሉ ራሱ ያስፈራል።

«ሥራዬን የሚያውቀውን ሰው ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው እውነት አለበት። የነጋዴ ግብር ሂሣብ ብቻ ሲሠራ የኖረ ሰው የባንክ ኦዲት ፋይል ቢሰጠው፣ ፊርማና ቀን ቈጥሮ ይመልሳል እንጂ፣ ለማይመለስ ብድር የተያዘው መጠባበቂያ በምን ስሌት እንደ ተገኘ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ መርማሪው የዘርፉ ዕውቀት ይኑረው ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን ዕውቀት ያስፈልጋል ማለትና ምርጫው ለተመርማሪው ይተው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዕድር እንኳ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን የሚያይበትን ሰው ራሱ አይሰይምም፤ የሚሰይመው ጉባኤው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም (የኩባንያዎች ክፍሉ በ2013 ዓ.ም. ተተክቷል) የአክሲዮን ማኅበርን ኦዲተር ባለአክሲዮኖች እንዲመርጡ አዝዞ፣ የዲሬክተሮችን ዘመዶች እስከ አራተኛ ደረጃ ድረስ ከልክሎ ነበር። ለኦዲተሩ የተደረገው ጥንቃቄ ለኦዲተሩ መርማሪ ለምን ይቀራል? ጥሪቱን በባንክ አክሲዮን ያስቀመጠ ጡረተኛ የሥራ ወረቀቱን አያይም፤ የሚያየው ፊርማውን ብቻ ነው።

የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ኦዲተሮችን የመቆጣጠር ሥልጣን ለሂሣብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሰጥቷል። እንግዲህ የባልንጀራ ምርመራ ለቦርዱ ቁጥጥር አጋዥ ይሁን ከተባለ፣ ቦርዱ ዘርፉን የሚያውቁ ሦስት ስሞች ያቅርብ፤ ተመርማሪው ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጦ አንዱን ይሰርዝ፤ ከቀሩት ዕጣ ይውጣ። የሚታዩትን ፋይሎች መርማሪው ይምረጥ፤ ስንት ፋይል እንዳየና ያላየው ዘርፍ የትኛው እንደ ሆነም በሪፖርቱ ይጻፍ። ዋጋው በቦርዱ በኩል ይከፈል፤ ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ቢሮና ሃምሳ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ግን እኩል እንዲከፍሉ አይደረግ።