የሚያርፈው ጣት

ሁዳዴ ሲገባ በአገራችን ብዙ ድምፅ ዝም ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። እዚህ መንዝ፣ ማምሻውን ጉም ወርዶ ሰው ሁሉ ባናውን ተከናንቦ እሳት ሲከብ፣ የቀረውን ጸጥታ የሚይዘው በገና ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በሬዲዮ ነው። አንድ ዓመት ግን ከአንድ አረጋዊ ደርዳሪ አጠገብ፣ ከእጃቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የመቀመጥ ዕድል ገጠመኝ።

ዐይኔን የያዘው ገና ከመደርደራቸው በፊት የሠሩት ሥራ ነው። የበገናው አውታር የበግ አንጀት ነው፤ ታጥቦ፣ ተገምዶ፣ ደርቆ የተወጠረ። (የመንዝ በግ በጸጉሩ የታወቀ ነው፤ ያን ማታ ብርዱን የከለከለን ባናም፣ ሊያናግሩት የተዘጋጁት አውታርም ከበግ የተገኙ መሆናቸው ደስ አለኝ።) አሥሩ አውታሮች ከላይ ቀንበሩ ላይ በመቃኛ ተጠምጥመው ይወርዱና ከታች፣ ቆዳ በለበሰው ገበታ ላይ፣ የሚሸከማቸውን በርኩማ ይረግጣሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል አንዲት ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዝራ ትባላለች።

አባባ አንዱን አውታር ነካ አደረጉት። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ የተወጠረ ገመድ ድምፅ፣ ሌላ ምንም የሌለው። እንዝራዋን በጥፍራቸው ገፋ አደረጓት። አሁንም ደረቅ። መልሰው ሳብ አደረጓት፤ የጤፍ ቅንጣት ታህል ብትንቀሳቀስ ነው። አውታሩ አጉረመረመ። ድምፁ ከጆሮዬ ይልቅ ደረቴ ላይ ነው የተሰማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን ነካ ይልና ይለቃታል፤ ደግሞ ይነካታል፣ ይለቃታል። ከዚያ ንክኪ፣ ከአንዱ ወፍራም ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይነሳሉ። እንዝራዋ ከልክ በላይ ከተጠጋች አውታሩ ይታፈናል፤ ከራቀች ነዘር የሚለው ይጠፋል። መቃኛው ድምፁን ያወጣዋል፣ ያወርደዋል እንጂ በገና አያደርገውም። በገና የምታደርገው ይቺ ቁራጭ ናት። አሥር አውታር አሥር እንዝራ አለውና አባባ አሥሩንም እየዞሩ፣ አንዳንዷ ላይ ሦስት አራት ጊዜ እየተመለሱ፣ ብዙ ቆዩ። ማንም አላጣደፋቸውም።

«አባባ፣ ልኳ ላይ መድረሷን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«መምህሬ እንዲህ ነበር የሚያሰሙት» አሉኝና ወደሚቀጥለው አውታር አለፉ።

መልሱን ስሰማ ሌላ አገር ትዝ አለኝ። ሕንዶች ሲታርና ታንፑራ በሚሏቸው መሣሪያዎች ላይ ይህንኑ ነዘር የሚል ድምፅ ይሹታል፤ ጃዋሪ ይሉታል። በታንፑራው ሰፊ በርኩማ ላይ፣ ከአውታሩ ሥር ቀጭን ክር ያስገባሉ፤ ክሩን ወዲህ ወዲያ እያሉ ልኩን ያገኙታል። እኛ ቆዳ፣ እነሱ ክር። ልኩን የሚያስተምር መጽሐፍ ስለሌለ ተማሪው ከመምህሩ ጎን ይቀመጣል። የሲታሩ ራቪ ሻንካር እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ ማይሃር ሄዶ በመምህሩ በአላውዲን ካን እግር ሥር እስከ 1944 የኖረው ለዚህ ነው። የመምህሩ ልጆች፣ አሊ አክባር ካንና አናፑርና ዴቪም፣ የዚያው ቤት ፍሬዎች ናቸው። ቤት ማለቴ በምክንያት ነው፤ ሕንዶች የሙዚቃ የትውልድ ሐረጋቸውን «ጋራና» ሲሉት ቃሉ ቤት ከሚለው የወጣ ነው።

የእኛም ሊቃውንት ቤት ነው የሚሉት። ዜማው የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ተብሎ ይለያል፤ ተጉለት ደግሞ ለእኛ ጎረቤት ነው። ደብተራ ሲተዋወቅ ገና ስሙን ሳይጨርስ ከማን ዘንድ እንደተማረ የሚጠየቀውም ስለዚህ ነው።

በገና እንደ ድጓ ምልክት የተጻፈለት ትምህርት ስላልሆነ ሐረጉ በጣም ቀጭን ነው። ዛሬ በገና ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ ተወለዱ። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉት ታላቅ ደርዳሪ ጎረቤት ሆነው ባይመጡ ኖሮ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ይህን ድምፅ በምን ያገኘው ነበር? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይጨንቀኛል። ዓለሙ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጂኦግራፊ ተማሩ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1980 ደግሞ ለዓመታት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ከእነዚያ ዓመታት አብዛኞቹ የደርግ ዘመን ነበሩ፤ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት የሚናገር መሣሪያ ለዚያ ጊዜ አደባባይ አይመችም ነበር። ሆኖም ድምፁ አልጠፋም፤ «ኢትዮፒክስ» ከተባሉት አልበሞች 11ኛው ሙሉውን የእሳቸው በገና ነው።

ያን አልበም በጥሩ ማዳመጫ ስሙት። ድምፃቸው ከንግግር ብዙም አይለይም፤ ጸሎት ከሚያደርስ ሰው አጠገብ የተቀመጥን ይመስለናል። ከሥሩ ደግሞ አውታሮቹ ያለማቋረጥ ይዞራሉ። በገና በሁለት መንገድ ይመታል። ግርፉ በመግረፊያ ነው፤ ድርደራው በጣት። ዓለሙ ደርዳሪ ናቸው፤ በግራ እጅ ጣቶቻቸው ከአሥሩ አውታሮች ስድስቱን ብቻ ይመታሉ።

ታዲያ አራቱ ምን ይሠራሉ? በማላውቅበት ዘመን፣ አሥር የተባለው ለአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌነት ብቻ ነው እል ነበር። ምሳሌነቱ እውነት ነው፤ ሥራውን ግን ያን ማታ ከአባባ እጅ አየሁት። ሌባ ጣታቸው አውታሩን መታ፤ ወደ አየር አልተመለሰም። ዝም ባለው አውታር ላይ ጋደም አለ። ቀጥሎ የመሐል ጣት መታ፤ እሱም የራሱ ማረፊያ አለው። ትንሿ ጣትም እንዲሁ። በዚህ አደራደር ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛውና ዘጠነኛው አውታር የጣት ማረፊያ ናቸው፤ አይመቱም። ጣቱ በተዋሰው ዕረፍት ልክ ነው የሚቀጥለው ምት የሚመጣው። በገና የማይቸኩለው እጁ የሚቀመጥበት ስላለው ነው።

ይህን በካሴት መማር የሚቻል አይመስለኝም። ካሴቱ የተመቱትን ስድስቱን ያሰማል፤ አራቱ ግን ድምፅ የላቸውም። አለቃ ተሰማ ለዚያ ልጅ፣ የአባባ መምህርም ለአባባ፣ ያወረሱት ትልቁ ነገር ጣት ከመታ በኋላ የት እንደሚያርፍ ነው፤ እሱም አጠገብ ተቀምጦ በዐይን ነው የሚወሰደው። አባባ ተማሪ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። አንድ ልጅ ከብት ሲያስገባ ማታ ማታ ብቅ እንደሚል ነገሩኝ። እስካሁን አውታር አላስነኩትም፤ እንዝራ ያስተካክላል።

መዝሙሩ ሲያልቅ እጃቸውን ቶሎ አላነሱም። ጣቶቻቸው በየማረፊያቸው፣ ዝም ባሉት አውታሮች ላይ ተጋድመው ነበር። የተመቱት ግን ከእጃቸው ሥር ገና እየነዘሩ ነበር፤ እስኪጨርሱ ድረስ እሳቱን የነካካ ሰው አልነበረም።