የባለርስት ቤት ታሪክ ከነጭሰኛው

የአንድ ባለርስት ቤት ታሪክ ሲጻፍ በተለምዶ ከአያት ይጀምራል፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ ተሾመ፣ እገሌ ሞተ እያለ ሐረጉን ይመዝዛል። መሬቱን ማን እንዳረሰው ግን አይነግረንም። የዚህ ሂስ ዓላማ ይህን ጉድለት መመርመር ነው።

ከአዲስ አበባ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚጓዝ ሰው የሱሉልታን ሜዳ አልፎ ጫንጮ ይደርሳል። ወደ ፊት ሲገፋም የሰላሌ ገዢዎች መቀመጫ የነበረችውን ፍቼን ያገኛል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ ግዛቱ ውሎ አድሮ ለልጅ ልጃቸው ለራስ ካሣ ኃይሉ ተላለፈ። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ከጦርነቱ የተረፉት ራስ አሥራተ ካሣም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን፣ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ።

ይህ ታላቅ የሐዘን ድራማ ነው። ዳሩ ግን እስከዚያ አዋጅ ድረስ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ሲያስረክብ የኖረው ጭሰኛ በድራማው ውስጥ የትኛው ተዋናይ ነው?

በእንግሊዝ አገር በቱዶር ነገሥታት ዘመን የኖረ ባለርስት ቤት ታሪክ ከኑዛዜና ከርስት መዝገብ ይለቀማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1538 ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ስላዘዘ፣ ከዚያ ወዲህ የጌታውም የአሽከሩም ስም በአንድ መዝገብ ሊገኝ ይችላል። በአገራችን የመሬት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ሲጻፍ፣ ብራናው የሚያስታውሰው ሰጪን፣ ተቀባይንና ምስክሮችን ነው። የቱለማ ኦሮሞ ገበሬ ደግሞ አባቶቹን የሚቆጥረው በቃሉ ነው። ስለዚህ የአንደኛው ሐረግ በብራና፣ የሌላው በአንደበት ተቀመጠ።

ሁለቱን ማገናኘት እንደሚቻል ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አሳይተዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በአጥንት የሚመጥን ባል አጥተው ቤት ያስቀሯታል። በዚያው ኩራት ገበሬው ከልማድ ውጭ እንዲገብር ይጠይቃሉ፤ ገበሬውም በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል። ሴት ልጅን በእልፍኝ ያሰረው ኩራትና ጦር ያዘመተው ኩራት አንድ ነው። የድርሰቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ባላባቱን ቦርጭና ጅራፍ ብቻ አድርጎ መሣል፣ ጭሰኛውንም መፈክር አሰሚ ብቻ አድርጎ መቅረጽ ሁለቱንም ከሰውነት ያወጣል። እኔም በመድረክ እንዲህ ዓይነት ባላባት አቁሜ አውቃለሁ፤ ተመልካቹ ሳቀ እንጂ አልተማረም። ፍቼ ላይ ልጆቹን ያጣ አባት ሐዘን ሐዘን ነው፤ ክረምቱን ጎተራው ባዶ የሆነበት ገበሬ ሐዘንም እንዲሁ።

ዛሬ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት እየተተከለ ነው። የማሳውን ድንበር፣ የአራሹንና የባለመሬቱን ስም በቃላቸው የያዙ አዛውንት ቁጥርም በየዓመቱ ይመናመናል። የጫንጮ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደነዚህ አዛውንት ይላኩ፤ የባህል ሠራተኞች ቃላቸውን በራሳቸው ቋንቋ ይመዝግቡ፤ ደራስያንም ከዚያ ይቅዱ። ያኔ የባለርስቱ ቤት ታሪክ ከነጭሰኛው ይጻፋል፤ እስከዚያው ግን በእጃችን ያለው ግማሽ መጽሐፍ ነው።