የሞተው ዲስኩ አይደለም

በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቢቢሲ ዱምዝዴይ ፕሮጀክት የተባለ ሥራ አወጣ። የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም በ1086 ያስጻፈው የመሬትና የንብረት መዝገብ 900 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው፣ በተለይ ተማሪዎች፣ ስለየአካባቢያቸው ጻፉ፣ ፎቶ አነሱ። ሁሉም ተሰብስቦ በሁለት ትልልቅ የሌዘር ዲስኮች ላይ ታተመ። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲያልፍ ዲስኮቹን የሚያጫውት መሣሪያ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። የድሮው ብራና ግን ዛሬም ይነበባል።

ይህ ታሪክ ሲወራ መደምደሚያው አንድ ነው፦ “ዲጂታል ነገር አይበረክትም።” እኔ አልስማማም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በደህና የተያዙት ዲስኮች ማጫወቻ ከተገኘላቸው አሁንም ይነበባሉ። በዚያ ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል አልነበሩም!

እንዴት መሰላችሁ? ዲስኩ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ሌዘሩ ጠፍጣፋው ላይ ሲያርፍ ብርሃኑ በደንብ ይመለሳል፣ ጉድጓዱ ላይ ሲያርፍ ይደክማል። ሲዲ ላይ የጉድጓዶቹ ርዝመት ዘጠኝ ዓይነት ብቻ ነው። እነዚያ ዲስኮች ላይ ግን የቪዲዮውን ሞገድ ተከትሎ ሳይቆራረጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ ፎቶዎቹ አናሎግ ነበሩ፤ ዲጂታሉ ጽሑፉና ዳታው ነው፣ በአንድ ገጽ 300 ሜጋባይት ያህል። ይህን ድብልቅ ለማየት ለሥራው የተዘጋጀ የፊሊፕስ ማጫወቻና የኤኮርን ኮምፒውተር የግድ ነበር። ዋጋው? 5,000 ፓውንድ ገደማ። የኔ ዋና ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ልጆች የጻፉትን ልጆች ሊገዙት በማይችሉት ዕቃ ውስጥ መቆለፍ ምን ይባላል? የገዛው ጥቂት ሲሆን ማጫወቻውም ጥቂት ሆነ፣ የሚጠግነውም እንዲሁ።

በ2002 የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድሮውን ኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ጽፈው ይዘቱን በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ አሳዩ። በ2011 ቢቢሲ የተማሪዎቹን ክፍል ኢንተርኔት ላይ አወጣው፤ በ2018 ድረ ገጹ ተዘጋ። ቅጂው የቀረው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስላስቀመጠው ነው። እዚህ ላይ እንኳ ዲስክ የሚባል ነገር የለም እኮ።

እንግዲህ “1,000 ዓመት ይቆያል” እየተባለ የተሸጠውን ኤም-ዲስክ አስቡት። ቁጥሩ ስለ ቁሱ እንጂ ስለ ማጫወቻው አይናገርም። አዲስ ላፕቶፕ ላይ የዲስክ ማስገቢያ እስቲ ፈልጉ!

የወላጆቻችሁ የሠርግ ሲዲ ቤት ካለ ግን ጉዳዩ ይለያል። በኮምፒውተር የተቀዳ ከሆነ እንደ ፋብሪካው ዲስክ የታተመ ጉድጓድ የለውም፤ ሌዘሩ ምልክት የሚያሳርፈው ቀለም ላይ ነው። ያ ቀለም በፀሐይና በሙቀት ይበላሻል። እዚያ ላይ ዲስኩ ራሱ ይሞታል፣ ስለዚህ ማጫወቻው እየሠራ ሳለ ኮፒ አድርጉት።