እስቲ እንደገና ቁጠሪ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር ተከራዮች ድምፅ የለንም። ይሄን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የኮንዶሚኒየም ማኅበር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ስለዚህ የብሎካችን ኮሚቴ ሲመረጥ እጅ የሚያወጡት ባለቤቶቹ ናቸው። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይ ነኝ። ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ «አንቺ ገለልተኛ ነሽ፣ አንቺ ቁጠሪ» የተባልኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቆጠርኩ። ለሊቀመንበርነት ሁለት ሰው ቀርቧል። ለአንደኛው 26፣ ለሁለተኛው 24። ተጨበጨበ፣ የፕላስቲክ ወንበር መደራረብ ተጀመረ። ያኔ ምድር ቤት የሚኖሩት፣ ሁላችንም «እማማ» ብቻ የምንላቸው እናት፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ልጄ፣ እስቲ እንደገና ቁጠሪ» አሉኝ።

ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያን ሰሞን በስልኬ ላይ ስለማየው ሌላ ምርጫ ላውራ፤ ምክንያቱም የእማማ ቃል የገባኝ በእሱ በኩል ነው።

በየዓመቱ የካቲት ወር መጨረሻ ላይ፣ የሴቶች ቀን ሲመጣ፣ አንድ ፎቶ በየገጹ ይዞራል። ጥቁርና ነጭ ነው። ከስሩ የሚጻፈው ሁሌም ያው ነው፦ «ስንዱ ገብሩ፣ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዋ የሕዝብ ተመራጭ ሴት የፓርላማ አባል።» ላይክ፣ ልብ፣ ሼር። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና። እኔም ሼር አድርጌዋለሁ፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። ግን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ቁጭ ብለን እንየው። «የመጀመሪያዋ» የውጤት ቃል ነው። ማን እንዳሸነፈ ይናገራል፤ ምን ተወዳድሮ፣ ማን መርጦ፣ ምን ለማድረግ እንደተመረጠ ግን አይናገርም። ሰውየዋን ወደ ተራ ቁጥር ይቀይራታል፦ አንደኛ። ከአንደኛ በኋላ ሁለተኛ ማን እንደሆነች የጠየቀ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

እስቲ ምርጫውን እንመልሰው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ በሚል የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡ ነበር የደነገገው። «እስኪችል» 25 ዓመት ያህል ፈጀ። በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንዲመርጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በፈረንጆቹ 1957፣ በእኛ 1949 አልቆ 1950 በሚጠባበት ሰሞን ነው። ወንበሩ 210 ነበር። ፓርቲ የለም፤ ሁሉም የሚቀርበው በግሉ ነው። ለመመረጥ 25 ዓመት መሙላትና በሚወዳደሩበት አካባቢ ንብረት መያዝ ያስፈልጋል። (እዚህ ጋ ተከራይ እንደመሆኔ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ።) ከዚህ በላይ ደግሞ ሌላ ምክር ቤት ነበር፤ የሕግ መወሰኛው። የእሱን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም እንዲሁ።

በዚህ ምርጫ ላይ ሁለት ሰነፍ ንባቦች አሉን። አንደኛው የኩራት ንባብ ነው። «ስዊዘርላንድ እንኳን ሴቶቿን ሳታስመርጥ እኛ አስመርጠናል!» ይሄም እውነት አለው፤ እንዲያውም ከሚመስለው በላይ ይገርማል። ስንዱ ገብሩ በልጅነታቸው ተልከው የተማሩት እዚያው ስዊዘርላንድ ነው። የስዊስ ሴቶች በአገር ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በፈረንጆቹ 1971 ነው። ያስተማራቸው አገር ሴቶች ድምፅ እስኪያገኙ፣ ተማሪዋ የፓርላማ ወንበር ይዘው ከ13 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ግን መብቱ ወረቀት ላይ መኖሩና ሰው ጋ መድረሱ ይለያያል።

ሁለተኛው የንቀት ንባብ ነው። «የንጉሡ ድራማ ነው፣ ምን ምርጫ አለ?» ይሄኛው ብልህ ይመስላል፤ ኮሜንት ስር ሲጻፍ ብዙ ሳቅ ያገኛል። ግን ሰነፍ ነው። ድራማ ከሆነ ማን ጻፈው፣ ማን ተጫወተው፣ ከተጫዋቾቹ መሃል ቃሉን ከምር የወሰደ አልነበረም ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ስንዱ ገብሩ ከምር ይወስዱ ነበር ብዬ የማስበው ከምርጫው በፊት ባለው ሕይወታቸው ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በር የከፈተላቸው ቤት ነበር፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ጣሊያን ሲገባ ግን የተከፈተውን በር ይዘው አልተቀመጡም። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ተያዙ፣ ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከኛ ብሎክ ወጥቼ ወደ ላይ ጥቂት ስራመድ ሆስፒታሉን፣ ጥቁር አንበሳን፣ አገኘዋለሁ። ስንት ጊዜ በታክሲ ረዳት አፍ «ጥቁር አንበሳ! ጥቁር አንበሳ!» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስሙን ከእኚህ ሴት ጋር ያገናኘሁት ግን ገና ዘንድሮ ነው።

ከነፃነት በኋላ መምህር ሆኑ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ «የልቤ መጽሐፍ» የሚል የግጥምና የተውኔት ሥራ አሳተሙ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። መጽሐፉ ከምርጫው ሰባት ዓመት ያህል ይቀድማል። እንግዲህ ምክር ቤት የገቡት «ሴት» ሆነው ብቻ አይደለም። ታስረው የተፈቱ፣ ሴት ልጆችን ያስተማሩ፣ በስማቸው መጽሐፍ ያወጡ ደራሲ ሆነው ነው። ርዕሱ ላይ «የልቤ» የሚለውን ቃል ለማስቀመጥ የደፈሩ ሰው፣ ድምፅ የሚባለውን ነገር ከሳጥን በፊት ያውቁታል። በኋላ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል።

የእኛ ፖስት ግን ይሄን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። ምርጫው ስንዱን የሠራቸው ይመስላል። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው ባይ ነኝ፤ ለዚያ ጠባብ ምርጫ ክብደት ያመጡለት እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው። የሥነ ጽሑፍ አንባቢ ነን የምንል ሰዎች ደራሲዋን ትተን ተመራጯን ብቻ መያዛችን ደግሞ የራሳችን ዕዳ ነው። ስለ እሳቸው ከተጋሩት ፖስቶች ስንቱ የመጽሐፋቸውን ርዕስ ይጠቅሳል? እኔ ካጋራኋቸው አንዱም አልጠቀሰም።

«ቢያንስ ስማቸው ይታወቅ፣ ምን አለበት?» የሚል ጓደኛ አለኝ። ምንም የለበትም። ግን «ቢያንስ» መነሻ ሲሆን ነው ጥሩ፤ እኛ መድረሻ አደረግነው።

ውጤት እንደገና ሲታይ ምን እንደሚመስል ያሳየኝ፣ ካልጠበቅኩት ቦታ፣ ሃዋይ ናት። ሃዋይ የአሜሪካ ግዛት የሆነችው በፈረንጆቹ 1959 ነው፤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት መረጠች። ኬኔዲና ኒክሰን። መጀመሪያ በተገለጸው ውጤት ኒክሰን በ141 ድምፅ አሸነፈ። 185 ሺህ ገደማ ሰው ከመረጠበት 141 ማለት ከአንድ ብሎክ ሕዝብ ብዙም አይበልጥም። የኬኔዲ ሰዎች ይቆጠርልን አሉ፣ ፍርድ ቤት ፈቀደ፣ ሲቆጠር ኬኔዲ በ115 ድምፅ በላይ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ታዲያ ቆጠራው ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን አይቀይርም ነበር፤ ኬኔዲ ያለ ሃዋይም አሸንፏል። የሃዋይን ድምፅ ለኬኔዲ ብሎ በኮንግረሱ ፊት የተቀበለው ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ራሱ ኒክሰን ነው። ምንም የማይቀይር ቁጥር በትክክል እንዲቆጠር ያን ያህል ደከሙ።

ያ ድጋሚ ቆጠራ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1953 ነው። በዚያው ታኅሣሥ፣ ከ4 ጀምሮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር፤ የጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና የገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት። ጥያቄው ከድምፅ ሳጥን ሳይሆን ከክብር ዘበኛ ሰፈር ተነሣ። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን የማስቀምጠው አሜሪካን ለማወደስ አይደለም፤ በዚያው ዓመት በደቡብ ግዛቶቿ ስንቱ ጥቁር ዜጋ ከሳጥኑ አጠገብ እንዳይደርስ ተደርጎ ነበር። የምለው ይሄን ነው፦ ውጤት «ተሳስተሃል፣ እስቲ እንደገና» ሊባል ካልቻለ ማስታወቂያ ይሆናል። ማስታወቂያ ያልተስማማው ሰው ደግሞ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ጠመንጃ ያነሣል።

ለዚህ ነው ምናልባት የእኔ ዕድሜ ልጅ «ምርጫ» ሲባል ሁለቱን ብቻ የሚያውቀው። የግንቦት 1997ን ውጤት በቁጥር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች 23ቱን ቅንጅት። ከዚያ በኋላ ስለመጣው ግን ቤተሰብ ሲያወራ ድምፁን ይቀንሳል። ሰልፉ ላይ ማን ከማን ጀርባ ቆመ፣ ምን እያወራ፣ ምን እየፈራ? ልብ ወለዶቻችን ይሄን ገና በቅጡ አልቆጠሩትም። ቁጥሩ አለን፤ ሰዎቹ የሉንም።

ወደ ግቢው ልመለስ።

እማማ «እንደገና» ሲሉ ሰው አጉረመረመ። የተወዳዳሪው ወገን «ምን ይለወጣል?» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ቆጣሪዋ እኔ ስሆን መጠየቁ ራሱ ስድብ መስሎኛል። ግን ጉዳዩ የውሃ ፓምፑና የጥበቃው ደመወዝ ነው፤ በወር መዋጮ የሚያዝዘው ሰው ጉዳይ ነው። ቆጠርኩ። ደረጃው ላይ ቆማ እጇን ያወጣች አንዲት ሴት አልታየችኝም ነበር። ከ26ቱ መሃል ደግሞ አንዱ እንደኔው ተከራይ ነው፤ ከልማድ እጁን አውጥቷል። 25 ለ25።

«በቃ ዕጣ ይውጣ!» አለ አንዱ፣ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ብቻ አልሳቁም። «ቤቱን በዕጣ አገኘን፤ ሰውም በዕጣ?» አሉ። በሚቀጥለው እሁድ በወረቀት እንዲሆን ተወሰነ።

ማታ ቡና ሲጠሩኝ ጠየቅኳቸው፦ «እማማ፣ ግን ስህተቱን አይተውት ነው?»

«ምኑን አየዋለሁ በዚህ ዓይኔ» አሉኝ።

ዕድሜያቸው ወደ 90 ነው። በ1950 የ22 ዓመት ወጣት፣ ባለትዳር ነበሩ፤ ከዚሁ ከልደታ፣ ከፈረሰው ሰፈር። ስለዚያ ምርጫ ስጠይቃቸው ባለቤታቸው መመዝገቡን ያስታውሳሉ። «ለሴትም ይፈቀዳል ያለኝ ሰው አልነበረም። ኋላ ነው የሰማሁት፤ ካለፈ በኋላ። ያኔ ከቁጥሩ አልገባሁም» አሉና ሲኒውን ሰጡኝ።

ስልኬን አውጥቼ የስንዱ ገብሩን ፎቶ አሳየኋቸው። አጠገባቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። የመጀመሪያዋ መሆናቸውን ነገርኳቸው፤ እማማ ግን ስለዚያ ምንም አላሉም።

«ምን ጽፋለች?» ብለው ጠየቁኝ።