የታማሚው ሰውነት ምላሽና የመረጃ ቋቱ ጉድለት፦ ከሳቢያን ሲታይ

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 2022 በድሬዳዋ 2,425 የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ በ2019 በተመሳሳይ ወራት ግን 205 ብቻ ነበሩ። በ2023 በኔቸር ሜዲስን የታተመው ጥናት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በወረርሽኙ ላይ የነበራትን ሚና አሳይቷል፤ በጥገኛ ተሕዋሲው ላይም መድኃኒትን ከመላመድና ከፈጣን መመርመሪያ ከማምለጥ ጋር የተያያዙ የዘረመል ለውጦችን አግኝቷል። ስለ ትንኟና ስለ ተሕዋሲው ይህን ያህል ከታወቀ፣ የሳቢያን ነዋሪ ሰውነት ለበሽታው የሚሰጠው ምላሽ ወዴት ይመዘገባል?

ቪዩፓዝዲቢ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ሆስትዲቢ የሚባል ክፍል ያዘጋጀው ለዚሁ ዓላማ ነው። በሕመም ጊዜ የትኛው የሰው ዘረመል እንደነቃ፣ የትኛውስ እንደተገታ የሚያሳዩ የልዩ ልዩ ጥናቶች ውጤቶች በአንድ ሥርዓት እንዲነጻጸሩ ማስቻሉ ያስመሰግነዋል።

ይሁን እንጂ የእንዲህ ያለው ቋት ድካም የሚጀምረው ከታማሚው አልጋ አጠገብ ነው። በ2018 በ46 የጋምቢያ ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በከባድና በቀላል ወባ መካከል የሚታየው የዘረመል ልዩነት በከፊል የሚመነጨው ከተሕዋሲው ብዛት ነው። ብዛቱ ካልተመዘገበ ንጽጽሩ ያሳስታል። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ያደገ ሕፃን ምላሽም ቀደም ሲል ለበሽታው እምብዛም ያልተጋለጠን የከተማ ጎልማሳ ሊወክል አይችልም።

ሁለተኛው ችግር ዘላቂነት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለቪዩፓዝዲቢ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ በ2024 ተቋርጧል፤ በአብዛኛው በአንድ ለጋሽ ላይ የቆመ የጋራ ሀብት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሦስተኛው ምስጢር ጠባቂነት ነው። ከአር.ኤን.ኤ የሚነበበው ቅደም ተከተል የባለቤቱን ማንነት ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ ጥሬው መረጃ ቁጥጥር በተደረገበት መንገድ ብቻ ሊሰጥ ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል።

በመሆኑም ሳቢያን በቋቱ ውስጥ በአግባቡ እንድትወከል ከተፈለገ ሥራው ከታማሚው ካርድ ይጀምራል፤ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ አስቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት፣ የተሕዋሲው ብዛት፣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ እንዲሁም ታማሚው ተረድቶ የሰጠው ፈቃድ በካርዱ ላይ መስፈር አለባቸው። እነዚህ በዕለቱ ካልተጻፉ በኋላ በየትኛውም ቤተ ሙከራ አይገኙም።